«በእጅ የተሠራ» የሚለው ቃል ዋጋው ስንት ነው?





ዛሬ ስለ ንግድ ጥቂት እንነጋገር። ስለ አስመጪዎችና ስለ ትልልቅ ሱቆች አይደለም። ልጆች ከተኙ በኋላ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ፣ በአንዲት ፒንሳና በአንድ ሳህን ዶቃ ስለሚሠራው ንግድ ነው። ይህን የምታነቢ እህቴ፣ ምናልባት አንቺም ከእነዚህ ባለሙያዎች አንዷ ነሽ። ወንድሜ፣ አንተም ባትሠራ እንኳ ለእናትህ ወይም ለባለቤትህ ገዝተህ ታውቅ ይሆናል።

በቅርቡ አንዲት እህት በድምፅ መልእክት ጠየቀችኝ። ስሟን ሳልጠቅስ እንዳነሳው ፈቅዳልኛለች። ቤቷ ሆና ጌጣጌጥ ትሠራለች። ዶቃ ትሰካለች፣ የብር ሽቦ ትጠመዝዛለች፣ ከወሎ ደላንታ የሚወጣውን ኦፓል ለቀለበትና ለጉትቻ ታደርገዋለች። ፎቶ አንስታ ቴሌግራም ላይ ትለጥፍና ከሥሩ «በእጅ የተሠራ» ብላ ትጽፋለች። አልሐምዱሊላህ፣ ገበያ አላት። ፈተናው የመጣው ግን ገበያው ሲደራ ነው። የዒድ ሰሞን ትዕዛዙ በዛ፣ እጇ አልደርስ አለ። መርካቶ ወርዳ ተሠርቶ ያለቀ ሐብልና ጉትቻ በጅምላ ገዛች፣ የራሷን ካርድ አንጠለጠለችበት፣ በዚያው በለመደችው ጽሑፍ ሸጠችው።

«ኡስታዝ» አለችኝ፣ «አንድም ደንበኛ ቅር አላለም። ዕቃው ያምራል፣ ጠንካራ ነው፣ ዋጋዬም ከሌላው አይበልጥም። እንዲያውም አመስግነውኛል። ታዲያ ማንን በደልኩ?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ «ግድ የለም፣ ለወደፊቱ ተጠንቀቂ» ብሎ ሊያልፈው ፈልጎ ነበር። ገንዘቡ የት እንደገባ ነግራኛለችና፦ የሁለት ወር የቤት ኪራይና የልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ። ይህን ሰምቶ መፍረድ አይቀልም።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በፍልስፍና ክፍለ ጊዜ ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መልክ ተከራክረንበታል። ሰውየው መታለሉን ካላወቀ፣ ከኪሱም ከደስታውም ምንም ካልጎደለ፣ በደል ተፈጽሟል ይባላል ወይ? ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፣ ሰዓቱም አለቀ። ከዚያ ቀደም ብሎ ግን መድረሳ ላይ የሽያጭን ምዕራፍ ስንቀራ፣ ሸይኻችን በሌላ በር ነበር የሚገቡት። «ማን ተጎዳ?» ብለው አይጀምሩም። «ሻጩ ምን ሸጠ? ገዢውስ ምን ገዛ?» ይሉን ነበር። ሁለቱ መልሶች አንድ ካልሆኑ፣ ጉዳቱ ለዓይን ባይታይም ሽያጩ ታሟል።

ይህን ጥያቄ በአንገት ጌጥ ላይ የሚያሳየን ታሪክ አለ። ሶሐባው ፈዷላ ኢብን ዑበይድ (ረ.ዐ) በኸይበር ቀን ወርቅና ዶቃ ያለበት ሐብል በ12 ዲናር ገዙ። በኋላ ወርቁን ከዶቃው ሲለዩት፣ ወርቁ ብቻውን ከ12 ዲናር በላይ ሆኖ አገኙት። ነገሩን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባነሱ ጊዜ፣ እንዲህ ያለው ጌጥ ሳይለያይ እንዳይሸጥ ነገሯቸው። ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል።

የሐዲሱ ሕግ ስለ ሪባ ነው። ወርቅ በወርቅ ሲለወጥ ሚዛኑ እኩል መሆን አለበትና። ሕጉን እንዲሁ ወደ ሌላ ጉዳይ አልጎትተውም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እዚያ ቦታ የከሰረ ገዢ አልነበረም፣ ገዢው አትርፈዋል። ቅሬታም አላቀረቡም። እንዲያም ሆኖ «ማንም ካልከፋው ይለፍ» አልተባለም። መጀመሪያ ይለይ፣ ለምን ነገር ምን እንደተከፈለ ይታወቅ ተባለ።

እስቲ የእህታችንንም ሐብል በሐሳባችን እንፍታው። ዶቃውን ለብቻ፣ ሽቦውን ለብቻ፣ መቆለፊያውን ለብቻ አስቀምጡት። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ይቀራል፦ «በእጅ የተሠራ» የሚለው ቃል። እህቴ፣ ይህን ቃል ከፎቶው ሥር ብታጠፊው ዕቃው በዚያው ዋጋ ይሸጣል? የሚሸጥ ከሆነ ለምን ጻፍሽው? የማይሸጥ ከሆነ ደግሞ፣ ልዩነቱ የቃሉ ዋጋ ነው። ቃሉም ከዕቃው ጋር ተሸጧል ማለት ነው። የተሸጠ ነገር ሁሉ ደግሞ እውነተኛ መሆን አለበት። በግራም ላይ ማጉደል እንደማይፈቀድ ሁሉ በቃልም ላይ ማጉደል አይፈቀድም።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ 29ኛው አንቀጽ የሰውን ገንዘብ ያለ አግባብ መብላትን ከልክሎ፣ ንግድን ግን በመዋደድ ላይ ሲቆም ፈቅዷል። መዋደድ ያለ እውቀት ከየት ይመጣል? ደንበኛዋ የወደደችው፣ አንዲት እህት አምሽታ በእጇ የሠራችውን ጌጥ ነው። የደረሳት ከፋብሪካ የወጣው ነው። ለሁለተኛው እሺ አላለችም፣ ማንም አልጠየቃትምና። ምስጋናዋም ቢሆን ላልተደረገላት ነገር የተሰጠ ምስጋና ነው።

«እኔ እኮ በአፌ አልዋሸሁም» የምትል እህት ልትኖር ትችላለች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመልና በግ ለገበያ ሲቀርቡ፣ ጡታቸው የሞላ እንዲመስል ሳይታለቡ እንዳይቀመጡ ከልክለዋል። እንዲህ ተታሎ የገዛ ሰውም ካለበው በኋላ ከፈለገ እንዲይዝ፣ ካልፈለገ እንዲመልስ መብት ሰጥተውታል። ሻጩ አንዲት ቃል ላይናገር ይችላል። የዋሸው የሞላው ጡት ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ ፎቶ ይዋሻል። በብር የተለበጠው ነሐስ ከመብራት ሥር ንጹሕ ብር ይመስላል። የኦፓሉ ቀለም በስልክ ማጣሪያ ይደምቃል። 925 የሚል ማኅተም ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር ነው ማለት ነው። ያልሆነው ላይ ከተመታ፣ ማኅተሙ ራሱ የሐሰት ምስክር ነው።

ኦፓልን ካነሳን፣ የደላንታው ኦፓል ለዚህ ትምህርት የተፈጠረ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ወገልጤና አካባቢ ከተገኘ ወዲህ ዓለም አውቆታል። ታዲያ ይህ ድንጋይ ውኃ ይጠጣል። ሲርስ የቀለም ጨዋታው ሊጠፋና እንደ ብርጭቆ ሊያሳይ ይችላል፤ ሲደርቅ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ዘይትና ሽቶ ግን ሊያበላሹት ይችላሉ። በጭስ የጠቆረ፣ በቀለም የተነከረም በገበያው ላይ አለ። ይህን የምታውቀው ሻጯ እንጂ ገዢዋ አይደለችም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከውስጥ እርጥበት እንዳገኙ ታውቃላችሁ። ባለቤቱ ዝናብ እንዳገኘው ነገራቸው። እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፣ የሚያጭበረብርም ከእሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። ዝናቡን ያዘነበው ሰውየው አይደለም። ጥፋቱ እርጥቡን ከታች ማድረጉ ነው። አንቺም ድንጋዩ ውኃ ስለሚጠጣ አትጠየቂም። የምትጠየቂው ይህን እያወቅሽ ዝም ካልሽ ነው።

ነገሩን ግን ከልክ በላይ አናጥብበው። ተሠርቶ ያለቀ ጌጥ ገዝቶ አትርፎ መሸጥ ሐላል ነው፣ ነውርም የለበትም። ዶቃውን የጋገርሽው፣ ብሩን ያቀለጥሽው አንቺ ስላልሆንሽም «በእጅ የተሠራ» ማለት አትችዪም አይባልም። እንዲህ ከሆነማ በዓለም ላይ በእጅ የተሠራ ነገር አይኖርም። ልኩ የት ጋ ነው? ፉቀሃዎች የሰዎች ልማድ የቃልን ትርጉም እንደሚወስን አስተምረውናል። ተራዋ ገዢ «በእጅ የተሠራ» ስትል ቅርጹን ያወጣው፣ የሰካው፣ የጠመዘዘው የሰው እጅ ነው ብላ ታስባለች። ይህ እውነት ከሆነ ቃሉ እውነት ነው። እህትሽ አግዛሽ ከሆነም በእጅ የተሠራ ነው። «እኔ የሠራሁት» ካልሽ ግን ውሸት ገባበት። ቀላሉ መለኪያ ይህ ነው፦ ደንበኛዋ ሥራውን ቆማ ብታይ «አሃ፣ እንዲህ ነው ያሰብኩት» ትላለች ወይስ ፊቷ ይለወጣል?

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚሸጠው፣ እኔ ብቻዬን እውነት ብናገር ገበያ አጣለሁ» የሚለው ስጋት ባዶ አይደለም። አንዳንድ ደንበኛ ልታጪ ትችያለሽ፣ አታጪም ብዬ አላታልልሽም። ግን ያ ደንበኛ የአንቺ ሪዝቅ ቢሆን ኖሮ ውሸት ባላስፈለገው ነበር። ሻጭና ገዢ እውነት ከተናገሩና ጉድለቱን ከገለጹ በሽያጫቸው በረካ እንደሚደረግላቸው፣ ከደበቁና ከዋሹ ግን በረካው እንደሚጠፋ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። በረካ የጠፋበት ብር ቁጥሩ ይበዛል እንጂ ቤት አይሞላም።

አሁን ወደ ገዢዎች ልዙር፣ በተለይ ወደ አንተ ወንድሜ። በእጅ የተሠራውን እየፈለግህ በፋብሪካው ዋጋ የምትከራከር ከሆነ፣ ለዚህ ውሸት መንገድ ከሚጠርጉት አንዱ ነህ። «ይቺ ዶቃ መርካቶ ስንት እንደሆነች አላውቅምና ነው?» ትላለህ። ዶቃዋን አውቀሃታል፤ ሌሊቱንስ አሰብከው? ድሮም ከዚህ የባሰ ልማድ ነበረን። አንጥረኛው የሠራውን እያጌጥን፣ አንጥረኛውን ግን እንንቅ ነበር። ነቢዩላህ ዳውድ (ዐ.ሰ) ብረት የተገራላቸው፣ ከእጃቸው ሥራ የሚበሉ ነቢይ እንደነበሩ እየቀራን! በሱረቱ ሰበእ እንደተነገረው፣ ጥሩር ሲሠሩ ቀለበቶቹን በልክ እንዲያያይዙ ታዘዋል። ሰው ባያየውም እያንዳንዷ ቀለበት በልኳ መሆን አለባት። መከራከር ሐላል ነው። የሰውን ድካም እንደ ባዶ መቁጠር ግን ሌላ ነው።

ለእህታችን የመለስኩላት ይህንን ነው። ስትሰማ ዝም አለች፣ ከዚያ «የተሸጠውስ?» ብላ ጠየቀች። ከባዱ ይህ ነው። ተውበት በአላህና በባሪያው መካከል ሲሆን በጸጸትና በመተው ይጀምራል። የሰው ሐቅ ካለበት ግን ባለሐቁ ይፈለጋል። የምታውቂያቸውን ደንበኞች ጻፊላቸው፦ «ይህ ዕቃ እኔ የሠራሁት አልነበረም፤ ብትፈልጊ ገንዘብሽን እመልሳለሁ፣ ብትፈልጊ አውፍ በይኝ።» በአንድ ጊዜ ካልቻልሽ ቀስ በቀስ መልሺ። ያላገኘሻቸውን በተመለከተ የኢማም አቡ ሐኒፋ ታሪክ ይነገራል። የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ሸሪካቸው ጉድለት ያለበትን ልብስ ጉድለቱን መንገር ረስቶ ሸጠው፣ ገዢውም አልታወቀም። ኢማሙ የልብሱን ዋጋ ሰደቃ አደረጉት። የራሷን ጉዳይ ዝርዝር ግን በአካባቢዋ ላሉ ዐሊሞች እንድታቀርብ ነግሬያታለሁ፤ እኔ ሙፍቲ አይደለሁም።

ከሳምንት በኋላ መልእክት ላከች። ለ11 ሰዎች ጽፋለች። ሰባቱ አውፍ ብለዋታል፣ ሦስቱ ገንዘባቸውን ጠይቀዋል፣ አንዷ ምንም ሳትመልስ ከገጹ ወጥታለች። ስለዚያች አንዷ ስታወራ ድምፅዋ ተሰበረ። አሁን ዕቃዎቿን ለሦስት ከፍላለች፦ «በእጄ የሠራሁት»፣ «ከተዘጋጀ ዕቃ የገጣጠምኩት»፣ «ገዝቼ የማቀርበው»። የመጀመሪያው ዋጋው ከፍ ያለ ነው፣ ቀስ ብሎም ይሸጣል። ኪራዩን ይሸፍን አይሸፍን ገና አልታወቀም። ዱዓ አድርጉላት።

ለአንቺም እህቴ፣ የእናታችንን የዘይነብ ቢንት ጀሕሽን (ረ.ዐ) ነገር ላስታውስሽ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከባለቤቶቻቸው ቀድማ የምትከተላቸው እጀ ረዥሟ እንደሆነች ሲናገሩ፣ እናቶቻችን እጃቸውን ይለካኩ ነበር። ቀድመው የሄዱት ዘይነብ ሆኑ። እጃቸው የረዘመው በክንድ አልነበረም። በእጃቸው እየሠሩ ሰደቃ ይሰጡ ነበርና ነው። የእጅ ሥራ እንዲህ ያለ ክብር አለው። ያልሠራሽውን ሠራሁ እያልሽ የራስሽን እጅ ክብር አታሳንሺው።

ዛሬ ከዐስር በኋላ ስልክሽን ክፈቺና የለጠፍሻቸውን ዕቃዎች አንድ በአንድ ተመልከቻቸው። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ያለውን ቃል አንብቢ። ነገ አላህ ፊት ቢነበብ የሚያሳፍርሽ ካለ፣ ማስተካከያው ዛሬ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ሐላላችንን ሰፊ፣ ሰፊውንም በረካ ያለው ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ጁምዓ ሙባረክ!