ድሩን ማን ፈተለው?

በጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ የሚሸመነውን ነጠላ በእጃችን ይዘን ብንመረምር ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእንዝርት ፈትል ሆኖ እናገኘዋለን። የጥለቱም ክር የፋብሪካ ውጤት ነው። ሆኖም ነጠላውን የባዕድ ልብስ ነው የሚል አልገጠመንም። በሙዚቃ ረገድ ግን ክርክሩ ወዲያው ይከራል።

ኃይሉ መርጊያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 በአሜሪካ ቀርጾ በካሴት ያወጣው «ሸሞንሟናዬ» ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በዚያን ዘመን የምዕራቡ «ኒው ዌቭ» ወጣቶች ይራቀቁበት የነበረው ሲንተሳይዘር እዚህ አምባሰልንና ሽለላን ይዞ ቀርቧል፤ ያማሃ ዲኤክስ 7፣ የከበሮ ማሽን፣ ከሁሉም በላይ አኮርዲዮን። (አኮርዲዮንም የአውሮፓ ልጅ መሆኑን ዛሬ ማን ያስታውሳል?) ቅኝቱ እስካልተናጋ ድረስ «ባህል ተበረዘ» የሚለው ክስ ደካማ ነው።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ኃይሉ በሒልተን ከዋልያስ ባንድ ጋር ሲጫወት ከበሮ መቺው፣ ጊታሪስቱ፣ ነፊው በየእጃቸው ሥራ ያድሩ ነበር። ማሽኑ ግን እንጀራ አይበላም፣ ደመወዝም አይጠይቅም። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ የምሽት ክበባትና የሠርግ ድግሶች አንድ ኪቦርድ የብዙ ሰዎችን ቦታ ሲይዝ አይተናል። በዚህ ኃይሉ ይወቀሳልን? በ1980ዎቹ መግቢያ ከባንዱ ጉዞ በኋላ አሜሪካ የቀረው ኃይሉ ማሽኑን የያዘው ባልደረባ ለማፈናቀል አልነበረም፤ ካሴቱን ብቻውን ሲቀርጽ አጋሩ ነበር። ወጪ ለመቀነስ ሲል አራት ሙዚቀኞችን የሚያሰናብት የክበብ ባለቤት ግን በዚያው ማሽን የተለየ ሥራ ይሠራል። ድሃው ሙሽራስ በአቅሙ ይጨፍር ዘንድ መብት የለውምን ቢባል፣ መልሱ ቀላል አይደለም፤ እኔም በአንድ ቃል የምዘጋው አይመስለኝም።

ወደ ሽሮ ሜዳ ስንመለስ ደግሞ ምሳሌዬ ራሱ ይፈትነኛል። የፋብሪካው ድር ሸማኔውን ከዕቃው ላይ አላስነሣውም፤ ቀድሞ ድሩን ትፈትል የነበረችውን ሴት ግን ሥራዋን ወስዶባታል። ነጠላው ኢትዮጵያዊ ነው ስንል እርሷን አልቆጠርናትም።

ኃይሉ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ፤ ኪቦርዱን በመኪናው ኮፈን ይዞ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ መድረክ ሲከፈትለት፣ በ2018 «ላላ በሉ»ን ያወጣው ከበሮውን ለቶኒ በክ፣ ቤዙን ለማይክ ማይኮቭስኪ ሰጥቶ ነው።