አሥሩ ቋጠሮ

ቱርሚ አካባቢ አንድ የሐመር አባት ነበር። የበኩር ልጁ ከብት የሚዘልበት ቀን ቀረበና ዘመድ ይጠራ ተባለ። በሐመር ለእንዲህ ያለው ቀን መጥሪያው ቋጠሮ ነው። አባትየው ልጥ አወጣ፤ ዝላዩ ሊደርስ የቀረውን ቀን ያህል ቋጠረበት፤ አሥር ሆነ። ተጋባዡ በየማለዳው አንድ ቋጠሮ ቆርጦ ይጥላል፤ ቋጠሮው ሲያልቅ ቀኑ ደረሰ። ለራሱም ሌላ አሥር ቋጥሮ ምሰሶው ላይ ሰቀለ።

ታናሹን ልጁን ጠራ። «ይህን ለአጎትህ አድርስ። እንዳይጠፋብህ፣ እንዳይበጠስብህ፤ አደራ፣ ጠብቅ።»

«እሺ፣ አባቴ።»

ልጁ ካስኬ ሲደርስ ወንዙ ሞልቷል። ካስኬ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ላይኛው አገር ሲዘንብ ግን ግንድ እየገፋ ይወርዳል። ልጁ ዳር ላይ ቁጭ አለ። ዝናቡ ሲመጣ ልጡን በፍየል ቆዳ ጠቅልሎ ከሆዱ ጋር አጣበቀው። እሱ በሰበሰ፤ ልጡ ጠብታ አልነካውም። ሌሊት በባነነ ቁጥር በጣቱ እየዳሰሰ ቆጠረ፦ አሥር። ሲነጋ ቆጠረ፦ አሥር። ውሃው አልጎደለም፤ ደገመና አደረ። ነጋ፤ ቆጠረ፦ አሥር። ልቡ ሞላ። ውሃው ጎደለ፤ ተሻገረ፤ ሳይመሽ ከአጎቱ ደጅ ደረሰ።

«ስንት ነው?» አለ አጎትየው።

«አሥር።»

ተቆጠረ፤ አሥር ነው። ልጁን በቅል የቡና ገለባ አጠጣው፣ መረቀው።

አጎትየውም ታማኝ ሰው ነው። ሲነጋ አንድ ቆረጠ፤ ሲነጋ አንድ ቆረጠ፤ አንድም ማለዳ አልሳተ። ቋጠሮው ሲያልቅ ማሩን ተሸክሞ፣ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ መጣ። ደጁ ጭር ብሏል። ከብቱ ወደ ግጦሹ ተመልሷል። ዝላዩ ካለፈ ሁለት ቀኑ ነው።

«ንቀኸኝ ነው?» አለ። «እኔ ቋጠሮዬን ቆጥሬ መጣሁ።»

«እኔም ቆጥሬ አዘለልኩ» አለ አባት።

ልጁ ተጠራ።

«ስንት አድርገህ ሰጠኸው?»

«አሥሩንም፣ አባቴ። አንድም አልጎደለ።»

«ወንዙ ዳር ስንት አደርክ?»

«ሁለት።»

አባትየው አቀረቀረ። ቆይቶ ለሚስቱ ወንድም «ልጁን አትቆጣው» አለው። «ጠብቅ አልኩት፤ ጠበቀ። ሲነጋ ቁረጥ አላልኩትም።»

እንደዚያ ልጅ የተሰጠውን በታማኝነት የሚያደርስ ማሽንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 አይቢኤም የተባለው ኩባንያ 1620 የሚባል ኮምፒውተር አስተዋወቀ። የመጀመሪያው ሞዴል የሚደምርበት የራሱ አካል አልነበረውም። ሦስትና አራት ስንት እንደሆነ ለማወቅ ሜሞሪው ውስጥ የተቀመጠ የመቶ አሃዝ ሰንጠረዥ ከፍቶ መልሱን ያነባል። ሰንጠረዡን ደግሞ ሰው በካርድ ላይ በስቶ ማስገባት አለበት። አብረውት የሠሩ ፕሮግራመሮች «መደመር አይችልም፤ አይሞክርምም» የሚል ቅጽል አወጡለት። ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነበር፦ ፕሮግራመሩ በስህተት ሰንጠረዡ ላይ ሌላ ነገር እንዲጻፍ ካዘዘ፣ ማሽኑ አይቆምም፣ አይጠይቅም። የተበላሸውን መልስ በታማኝነት አንብቦ ይሰጣል፤ የሚቀበለውም በታማኝነት ይመዘግበዋል።

እኔ በዚያ ማሽን ላይ የሠሩትን ሰዎች አከብራለሁ። ዛሬ ጂንካ ገበያ ውስጥ በስልኩ ሒሳብ የሚደምር ወጣት ሰንጠረዥ አያይም፤ መልሱን ብቻ ያያል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ ልክ ስለሆነ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። እነዚያ ግን መጠየቅ ነበረባቸው። ድምሩ ሲጣመም ሰንጠረዡን ከካርዱ እንደገና ያስገባሉ፤ ከዚያ የጻፉትን ትእዛዝ ከላይ እስከ ታች እየተከተሉ የትኛው መስመር እንዳበላሸው ይፈልጋሉ።