የባዳ ጭብጨባ

«ቺርሊዲንግ» በመባል የሚታወቀው የአሜሪካውያን የድጋፍ ትርኢት ከመነሻው ለተመልካች ሲባል የተፈጠረ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1898 ጆኒ ካምቤል የተባለ የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በአሜሪካ እግር ኳስ ግጥሚያ ላይ ከሕዝቡ ፊት ቆሞ የተበታተነውን ጩኸት በአንድ ድምፅ መራ፤ የተሰበሰበው ሕዝብ ባይኖር ኖሮ የሚመራው ነገር ባልኖረው ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጧል። በወጣቶች ውድድር ላይ የሚደገፍ ሌላ ቡድን የለም፤ ደጋፊዎቹ ራሳቸው ተወዳዳሪዎች ሆነዋል። ከሁለት ደቂቃ ተኩል በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ በምንጣፉ ላይ ይገለባበጣሉ፣ ጓደኛቸውን ወደ ላይ ወርውረው ይቀልባሉ፣ ዳኞችም ነጥብ ይሰጣሉ። እንግዲህ ጥያቄው የሚወለደው ከዚህ ነው፤ ከአንዱም ቡድን ጋር ግንኙነት የሌለው፣ በምንጣፉ ላይ ልጅም እኅትም የሌለችው ባዳ ቲኬት ቆርጦ ይግባ ወይስ በሩ ይዘጋበት?

በልማድ በሩ ክፍት ነው፤ የመግቢያውን የከፈለ ሁሉ ይገባል። ይህ ግን መልስ አይሆንም፤ የውድድር አዘጋጆቹ በአብዛኛው የንግድ ድርጅቶች ናቸውና በሩን የከፈተው ኅሊና ይሁን ገንዘብ አልተለየም።

«ይዘጋ» የሚሉ ወላጆች ሥጋትም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ዐሥር ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት አሉ፤ ልብሳቸው ለእንቅስቃሴ እንዲመች አጭርና ጥብቅ ነው፤ ካሜራ ይዞ ከጥግ የተቀመጠ ብቸኛ ሰው ምን ሊያይ እንደመጣ በግንባሩ ላይ አልተጻፈም። «ማንን ልታይ መጣህ?» ቢባል ምን ይመልሳል? እናት ይህን አስባ ብትደነግጥ ማንም ሊወቅሳት አይገባም።

ሆኖም ሥጋት ወዴት ማየት እንዳለበት የቅርብ ዘመን ታሪክ ያመለክታል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጂምናስቲክ ቡድን ሐኪም የነበረው ላሪ ናሳር፣ ከ150 በላይ የተጎጂዎች ቃል በችሎት ተሰምቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ከ40 እስከ 175 ዓመት እሥራት ተፈርዶበታል። ይህ ሰው ወንጀሉን የፈጸመው ከተመልካች ወንበር ላይ ሆኖ አልነበረም፤ የታመነ ሐኪም በመሆኑ የውስጡ በር ተከፍቶለት ነው። በቺርሊዲንግም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ተከታታይ ፊልም ዝነኛ የሆነ አንድ ወጣት ከሁለት ዓመት በኋላ በሕፃናት ላይ በተፈጸመ የወሲብ ወንጀል 12 ዓመት ተፈርዶበታል፤ እርሱም የቤቱ ሰው እንጂ ባዳ አልነበረም። ባዳ ሁሉ ጻድቅ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን «የቡድኑ ሰው» የሚል ምልክት በደረት ላይ ማንጠልጠል የንጽሕና ምስክር አይሆንም፤ ባዳን በመመለሱ ብቻ ሥራውን የፈጸመ የሚመስለው ዘበኛም ውስጡን የሚመረምርበት ዓይን ያጣል።

አሁን ወደ ልጅቱ እንመለስ። በአዳራሹ ውስጥ ከእናት፣ ከአባትና ከአሠልጣኝ በቀር ሰው ከሌለ የሚደርሳት ጭብጨባ ሁሉ የዘመድ ጭብጨባ ይሆናል። ብትወድቅም ብትቆምም እናቷ ታጨበጭባለች። ይህ መልካም ነው፤ ስለ ሥራዋ ግን አንዳች አይነግራትም። ስሟን የማያውቅ፣ ምንም ዕዳ የሌለበት ሰው ከመቀመጫው ሲነሣ ግን ያስነሣው ሥራዋ ብቻ ነው። ለቤተሰብ ብቻ ተነብቦ የቀረ ግጥም ገና ግጥምነቱ እንዳልተፈተነ የሥነ ጥበብ ሰዎች ሁሉ ያውቁታል፤ የዚህች ልጅ ድካም ከዚያ በምን ያንሳል?

ደግሞም ባዳ ሲባል ሁልጊዜ ያንን ከጥግ የተቀመጠ ሰው ለምን እናስባለን? የቡድን አባልነት በዓመት ብዙ ሺህ ዶላር የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። ወላጆቿ ይህን መክፈል የማይችሉ፣ ከቤቷ መስተዋት ፊት ብቻዋን የምትዘል የሰፈር ልጅ እርሷም የማንም ቡድን አይደለችም። ተጠርጣሪውን ለማስቀረት የተዘጋው በር እርሷንም ያስቀራል፤ ያውም እርሱ ሌላ መንገድ አያጣም፣ እርሷ ግን ልታጣ ትችላለች።

ስለዚህ የተመልካቹ ወንበር ለሁሉም ክፍት ይሁን እላለሁ። የልብስ መለወጫውና የሰውነት ማሟሟቂያው ክፍል ግን ጓዳ ነው፤ እዚያ የቡድኑ ሰውም ቢሆን ብቻውን ከልጅ ጋር ሊገኝ አይገባም። ማየትና ምስል ወስዶ ማስቀረትም አንድ አይደሉም፤ ለመጀመሪያው የተቆረጠ ቲኬት ሁለተኛውን አይፈቅድም። በዚህ ረገድ ባዳውን ከደጅ መልሶ ትርኢቱን በኢንተርኔት ለከፈለ ሁሉ ማሠራጨት ቀልድ ነው። ወላጆችም ራሳቸው የሌላውን ልጅ ጭምር ቀርጸው ለዓለም ይበትናሉ፤ ይህን ምን ዓይነት ዘበኛ እንደሚያግደው እንጃ።

የስድስትና የሰባት ዓመት ሕፃናት ጉዳይ ለብቻው ነው። አደባባዩን የመረጡት እነርሱ ሳይሆኑ ወላጆቻቸው ናቸውና፣ ወላጆቹ መክረው «ለእነዚህ በሩ ይዘጋ» ቢሉ የምከራከርበት አንደበት የለኝም። ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ ግን ማን ሲያያት እንደምትወድና እንደምትሠቀቅ ራሷ መናገር ትችላለች፤ በሩ ከመከፈቱም ከመዘጋቱም በፊት እርሷ ትጠየቅ።