የጭነት ፈተና ለምትጀምሩ የቡታጅራ ልጆች

በጥር 2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲለቀቅ ተፈታኙ ወደ 900 ሺህ ይጠጋ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ከቡታጅራም ከጎንደርም ከጅግጅጋም ሁሉም ወደ አንድ ድረ ገጽ ይሮጣል። ተማሪው ብቻ አይደለም፤ እናቱም፣ ወንድሙም፣ ጎረቤቱም ቁጥሩን ይዘው ይሞክራሉ። ገጹ አልከፈት ሲል ደግሞ ሰው ደጋግሞ ይጫናል፤ እያንዳንዱ ድግግሞሽም ለሰርቨሩ ተጨማሪ ሥራ ነው። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩም፣ ተመርቃችሁ ቡታጅራ የተመለሳችሁም ልጆቼ፣ ነገ እንዲህ ያለውን ሥርዓት የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ስለዚህ ጭነቱን ቀድማችሁ ፈትኑት።

ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በየትኛው ቱል?» ብሎ ነው። ጄሚተር ይሁን ሎድረነር ወይም ኬ6፣ እሱ በኋላ ይደረስበታል። መጀመሪያ ማወቅ የምትፈልጉትን ለዩ። ሰርቨሩና ዳታቤዙ ስንት ሰው እንደሚችሉ ለማወቅ ከሆነ፣ በብራውዘሩና በሰርቨሩ መካከል የሚመላለሰውን ኤችቲቲፒ ቀድቶ በብዙ ተጠቃሚ ስም ደጋግሞ መላክ ይበቃል። ተማሪው ከነካ በኋላ ውጤቱ ስክሪኑ ላይ እስኪታይ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ለማወቅ ከሆነ ግን እውነተኛ ብራውዘር መንዳት ያስፈልጋል። የሎድረነር ትሩክላየንትና የኬ6 ብራውዘር ሞጁል የተሠሩት ለዚህ ነው።

ምርጫው ካልታያችሁ ክሮምን ክፈቱ፣ ኤፍ12ን ተጫኑና ኔትወርክ የሚለውን ክፍል እያያችሁ ተማሪው የሚያልፍበትን መንገድ አንድ ጊዜ ራሳችሁ ሂዱበት። ብዙዎች «ገጹ በሪአክት የተሠራ ስለሆነ ኤችቲቲፒ አይበቃውም» ይላሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ሪአክትም ቢሆን ከሰርቨሩ የሚፈልገውን በጄሰን ጠይቆ ይወስዳል፣ እሱም ይቀዳል። የሚያስቸግረው ዌብሶኬት ሲኖር፣ ወይም ጃቫስክሪፕቱ የሚላከውን መረጃ እዚያው ሲመሰጥረው ነው፤ ጄሚተር ብራውዘር ስላልሆነ ጃቫስክሪፕት አያስኬድም።

አሁን ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉ የምፈልገው ይኸውና። ሪከርድ ስታደርጉ ሰርቨሩ የሰጣችሁ ቶክን አብሮ ይቀዳል። ነገ ያንኑ ስክሪፕት ስታስኬዱት ቶክኑ ጊዜው አልፎበታል፤ ሰርቨሩም ወደ ሎጊን ገጽ ይመልሳችኋል። ሎጊን ገጹ ደግሞ 200 የሚል ኮድ ይዞ ይመጣል፤ ቱሉ 200 ስላየ «ተሳክቷል» ብሎ ይመዘግባል። ሪፖርቱ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ይሆናል፣ ውጤት ያየ ተማሪ ግን አንድም የለም፤ ዳታቤዙም አልተነካም። ስለዚህ ቶክኑን ከቀደመው መልስ እያወጣችሁ ለሚቀጥለው ጥያቄ አቀብሉ፤ በመልሱ ውስጥም የተማሪው ስም ወይም ነጥብ መኖሩን የሚያረጋግጥ አሰርሽን አስገቡ። የመፈተኛ ቁጥሩንም ከፋይል እየተነበበ ለእያንዳንዱ የተለያየ እንዲሆን አድርጉ። አንድ ቁጥር ሺህ ጊዜ ብትጠይቁ መልሱ ከካሽ ሊመጣላችሁ ይችላል።

በብራውዘር መፈተን ውድ ነው። አንድ ብራውዘር ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሜሞሪ ይበላል፤ በአንድ ላፕቶፕ ሺህ ብራውዘር አስነሣለሁ ማለት ዘበት ነው። እኔ የማደርገው ዋናውን ጭነት በኤችቲቲፒ አስነሥቼ፣ በዚያው ሰዓት ጥቂት ብራውዘሮች አብረው እንዲሄዱ ነው። ሰው የሚያየውን ፍጥነት ከእነሱ አነባለሁ።

ስልክም አለ። የጄሚተር መቅጃ ካልተቀየረ በቀር በ8888 ፖርት ይሠራል፤ የስልኩን ዋይፋይ ፕሮክሲ ወደዚያ ማዞር ቀላል ነው። ነገር ግን ከአንድሮይድ 7 ወዲህ አፕሊኬሽኖች ተጠቃሚው የጫነውን ሰርተፊኬት በራሳቸው አያምኑም፤ ስለዚህ የመሞከሪያ ቅጂውን ከሠሪዎቹ ጠይቁ። ውጤት በአጭር መልእክትና በቴሌግራም ቦትም ይጠየቃል። እነዚህን ድረ ገጹን በመቅዳት አታገኟቸውም፣ ግን ጭነታቸው ተደምሮ ይመጣል።

ፈተናውን ሰርቨሩ አጠገብ ብቻ ሆናችሁ አትሥሩ። ደካማ ኔትወርክ ያለው ሰው መልሱን ተቀብሎ እስኪጨርስ የሰርቨሩን ግንኙነት ይዞ ይቆያል፤ ጄሚተርም የኬ6 ብራውዘር ሞጁልም ደካማ ኔትወርክን መምሰያ መንገድ አላቸው። ለቡታጅራ ነጋዴ የክፍያ ወይም የትኬት ሥርዓት የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የምትለኩት በአዘቦት ቀን ጭነት ሳይሆን ጉራጌ ከየአገሩ ወደ ቤቱ በሚገባበት በመስቀል ሰሞን ጭነት ይሁን።

አንድ ነገር አጥብቄ አደራ እላችኋለሁ። የራሳችሁ ባልሆነ ድረ ገጽ ላይ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ጭነት አታስነሡ። ለሰርቨሩ ከጥቃት አይለይም፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ሥርዓትን ማወክን በወንጀል ያስጠይቃል። ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ፣ ሰዓቱን ከባለቤቱ ጋር ተስማሙ፣ ሰርቨሩን የሚከታተል ባለሙያም በዚያ ሰዓት ከስልኩ አጠገብ ይሁን።