ለመዝናናት መብረርና የሕይወት አደራ

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት የቁምስናችን እናት ከቅዳሴ በኋላ ጠብቀው አንድ ፎቶግራፍ አሳዩን። በስዊዘርላንድ በሥራ ላይ የሚገኘው ልጃቸው ከተራራ ጫፍ ተነሥቶ፣ ከስስ ጨርቅ በተሠራ ሰፊ ክንፍ ሥር በገመድ ተንጠልጥሎ፣ እግሮቹን በገደሉ ላይ ዘርግቶ ይታያል። ፓራግላይዲንግ የሚባለው በረራ ነው። እናትዮዋም «አባ፣ ይህ ልጅ የሚያሳድደው ሳይኖር፣ እንጀራውም ሳይሆን ነፍሱን በክር ያንጠለጥላል። ኃጢአት አይደለምን? ብከለክለውስ የሚናገረው እናትነቴ ነው ወይስ ፍርሃቴ?» ሲሉ ጠየቁን።

መልሳችን ፈጣን ነበር። «እግዚአብሔር በአደራ የሰጠንን ሕይወት ለጨዋታ አንሰጥም» ብለን አሰናበትናቸው። ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን መልሱ እኛኑ አላረካንም። ኳስ ሲጫወት እግሩ ለተሰበረው ወጣት፣ ለንግሥ በዓል ብሎ ከልክ በላይ በተጫነ መኪና ሌሊቱን ሙሉ ለሚጓዘው ምእመን እንዲህ ያለ ቃል ተናግረን አናውቅም። ወጣቶቻችን በሩቅ አገር ሆነው እኛ ያላየነውን ኑሮ በሚኖሩበት በዚህ ዘመን፣ ተመሳሳይ ጥያቄ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንንም መግጠሙ አይቀርምና ነገሩን እንደገና ልንመረምረው ወደድን። (ዓመታቱን ሁሉ የጠቀስነው እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ከሁሉ አስቀድሞ ጨዋታ በራሱ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ቅዱስ ቶማስ ዘአኵይኖ ሥጋ ከድካሙ ማረፍ እንደሚገባው ሁሉ ነፍስም በመዝናናት ማረፍ እንደሚያስፈልጋት አስተምሯል፤ ጨዋታን በልኩ የሚመራ መልካም ምግባር እንዳለም ጽፏል። ቤተ ክርስቲያንም ከፍታን የሚወዱትን ሰዎች በክፉ ዓይን አላየቻቸውም። በ1920 ዓ.ም. ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 15ኛ የሎሬቶን እመቤታችንን የአየር በራሪዎች ጠባቂ አድርገው ሰይመዋል። እርሳቸውን የተከተሉት ፒዮስ 11ኛ ደግሞ ገና ካህን ሳሉ ተራራ ወጪ ነበሩ፤ በ1889 ዓ.ም. ሞንቴ ሮዛ የተባለውን ተራራ ሲሻገሩ ሌሊቱን ከጫፉ አቅራቢያ በብርድ ውስጥ አሳልፈዋል። በ1923 ዓ.ም. ቅዱስ በርናርዶስን የተራራ ወጪዎች ጠባቂ አድርገው በሰየሙበት መልእክታቸውም፣ ድፍረት ያልገባበት ተራራ መውጣት ለሥጋም ለነፍስም እንደሚጠቅም መስክረዋል። ይህን የተናገሩት ብርዱን ቀምሰው ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በበኩሉ በቁጥር 2290 ከመንገድና ከባሕር ጋር አየርን በስም ያነሣል። እዚያ ከባድ በደል የሚባለው ግን መብረር አይደለም፤ በስካር ወይም በፍጥነት ፍቅር ተይዞ የራስንና የሌላውን ሰው ደኅንነት መጣል ነው። «የሌላው ሰው» የሚለውን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

እንግዲህ አደጋው የሚመዘን ከሆነ በምን ይመዘናል? ብዙዎች ወደ ቍጥር ይሮጣሉ፤ ቍጥርም የሚያስተምረው አለ። የአሜሪካ የፓራሹት ማኅበር በ2023 ዓ.ም. በአገሩ ከተደረጉ 3.65 ሚሊዮን ገደማ ዝላዮች 10 ሰዎች እንደ ሞቱ መዝግቧል። በኖርዌይ አገር ከኬራግ ገደል ላይ ከ1995 እስከ 2005 ዓ.ም. ከተደረጉ 20,850 ዝላዮች ግን 9 ሰዎች ሞተዋል፤ ይህም ከ2,317 ዝላይ አንድ ሞት ማለት ነው። ሁለቱም በፓራሹት መዝለል ይባላሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ከመቶ ሃምሳ እጥፍ ይበልጣል። ምክንያቱም የተሰወረ አይደለም። ከአውሮፕላን የሚዘል ሰው ከፍታ አለው፤ ከፍታም ማለት ጊዜ ነው፤ ዋናው ፓራሹት እንቢ ቢለው መጠባበቂያውን ይከፍታል። ከገደል የሚዘለው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፓራሹት ብቻ ይዞ፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ፣ ቋጥኙን በአጠገቡ እያሳለፈ ይወርዳል። ለስሕተት የተተወለት ስፍራ የለውም።

ይሁን እንጂ ቍጥር ያሳስታልም። በአሜሪካ የግል ቀላል አውሮፕላኖች አደጋ የሚቈጠረው በበረራ ሰዓት ነው፤ በ100 ሺህ ሰዓት አንድ ያህል ሰው የሞተበት አደጋ ይደርሳል። ዝላይ ግን የሚቈጠረው በአንድ በአንዱ ሲሆን የሚፈጀውም ጥቂት ደቂቃ ነው። በቁና የተሰፈረውን በክንድ ከተለካው ጋር ማወዳደር አይቻልም። የጨርቅ ክንፉን በጀርባው አዝሎ ከየኮረብታው የሚነሣውን በራሪማ ሰዓቱን ማን ይቈጥርለታል? ስለዚህ «ከመኪና ይልቅ አደጋው ያንሳል» የሚለን ወጣት ቢገጥመን፣ በስንት ሰዓት ወይም በስንት ጉዞ እንደ ለካው እንጠይቀው።

የእናትዮዋ ልጅ የሚበርበት ክንፍ አጥንት የለውም። ቅርጹን የሚጠብቀው ከፊት ባሉት ክፍተቶች በሚገባው አየር ነው፤ አየሩ ሲናወጥ አንዱ ጐን ሊታጠፍ ይችላል። ከፍ ብሎ ሳለ ቢታጠፍ ብዙ ጊዜ ይቃናል፤ ከመሬት በቅርብ ርቀት ቢታጠፍ ግን መጠባበቂያውን ለመክፈት እንኳ ጊዜ አይገኝም። በቀትር ፀሐይ ከጋለው ድንጋይ የሚነሣው አየር በራሪውን ወደ ላይ ያወጣዋል፤ የሚጥለውም ያው አየር ነው። በአልፕስ ተራሮች ደግሞ ፎን የሚሉት ደረቅ ነፋስ አለ፤ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በድንገት ወደ ሸለቆው ይወርዳል። እንግዲህ የዚህ በረራ ደኅንነት ከሁሉ በላይ ያለው ከመነሣት በፊት በሚደረገው ውሳኔ ውስጥ ነው። ነፋሱን አይቶ ክንፉን አጥፎ በእግሩ የሚወርድ ሰው አለ፤ ጓደኞቹ ስለተነሡ ብቻ የሚነሣም አለ። ሁለቱ ያላቸው መሣሪያ አንድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጸጥ ያለ የሚመስለው በሞቀ አየር የሚንሳፈፈው ፊኛ ነው። ሽማግሌም ሕፃንም በቅርጫቱ ውስጥ ቆሞ ይሄዳል። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. በግብጽ አገር በሉክሶር ፊኛ በእሳት ተያይዞ 19 ሰዎች ሞተዋል። በ2016 ዓ.ም. በቴክሳስ፣ በሎክሃርት አጠገብ፣ ሌላ ፊኛ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ተጋጭቶ የተሳፈሩት 16ቱም አልቀዋል። መርማሪዎቹ እንደ ደረሱበት አብራሪው ጉምና ደመና ባለበት ጠዋት ተነሥቶ ነበር፤ ሕመሙና የወሰዳቸው መድኃኒቶችም ማስተዋሉን ሳያዳክሙት አልቀሩም። በዚያን ጊዜ ሕጉ ከፊኛ አብራሪዎች የሐኪም ማስረጃ አይጠይቅም ነበር፤ በኋላ ተሻሽሏል።

እዚህ ላይ የቍጥር ሚዛንና የሥነ ምግባር ሚዛን ይለያያሉ። ብቻውን በክንፍ የሚንጠለጠለው ወጣት አደጋውን ያውቃል፤ መዝኖታል፤ ተሳስቶም ቢሆን የመዘነው ራሱ ነው። በቅርጫቱ የቆመችው አሮጊት ግን የመዘነችው የአብራሪውን ፊት ብቻ ነው፤ ሌላውን ሁሉ በእርሱ እምነት ላይ ጥላዋለች። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ጸጥተኛው ፊኛ ከአስፈሪው ክንፍ ይልቅ የከበደ የኅሊና ሸክም አለበት። ቀላል አውሮፕላንም እንዲሁ ነው። ጆን ኬኔዲ ልጅየው በሐምሌ 1999 ዓ.ም. ጭጋግ ባለበት ሌሊት በባሕር ላይ ሲበር አቅጣጫው ጠፍቶበት ወደቀ፤ ከእርሱ ጋር ሚስቱና እኅቷ ሞቱ። በጨለማና በጭጋግ ውስጥ የሰው አካል ላይና ታችን መለየት ያቅተዋል፤ መሣሪያዎቹን አምኖ ለመብረር በሚገባ ያልሠለጠነ ሰው የገዛ ስሜቱ ያታልለዋል። የወደቀው ለራሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሐዘኑ ያው ነው፤ ተጠያቂነቱ ግን ያው አይሆንም ነበር።

የራይት ወንድማማቾች አባት ይህን ሳይረዱት አልቀሩም። ሁለቱ ልጆቻቸው አብረው እንዳይበሩ፣ አንድ አደጋ ሁለቱንም እንዳይወስድ ቃል አስገብተዋቸው ነበር፤ በአባታቸው ፈቃድ አብረው የበረሩትም በግንቦት 1910 ዓ.ም. አንድ ቀን ብቻ ነው። አባትዮው በረራን አልከለከሉም፤ ሐዘኑ ወደ ማን ቤት እንደሚገባ ግን አስቀድመው አሰቡ።

«ያለ ደፋሮች እኮ ሰው ባልበረረ ነበር» የሚሉን አሉ። እውነት ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል ሁለት ሺህ ያህል ጊዜ ከኮረብታ ተንሳፍፎ በነሐሴ 1896 ዓ.ም. ወድቆ ሞተ፤ የተወው ዕውቀት ግን ለራይት ወንድማማቾች ደረሰ። ዛሬ ቅዳሜን ለማሳለፍ የሚበር ሰው ግን የሊሊየንታልን አክሊል ሊዋስ አይችልም። እርሱ የሚፈልገው ዕውቀትን ሳይሆን ደስታን ነው። ደስታም ቢሆን ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ሸለቆውን፣ ጸጥታውን፣ የፈጣሪን ሥራ ከላይ ማየት። በዚህ ጊዜ አደጋው በተቻለ መጠን የሚቀነስ ዋጋ ነው። አደጋው ራሱ የሚፈለገው ነገር ሲሆን፣ የተቀነሰውም አደጋ አልጣፍጥ ሲል፣ ያን ጊዜ ነገሩ ተለውጧል። ቅዱስ ቶማስ መፍራት የሚገባውን አለመፍራትን ከብርታት ወገን ሳይሆን ከጥፋት ወገን የቈጠረው ያለ ምክንያት አይደለም። ጌታችንም በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ ቆሟል፤ ከፍታው አላረከሰውም። እንቢ ያለው የአባቱን ጥበቃ ለመፈተን ራሱን መወርወርን ነው።

እናትዮዋን ከአንድ ወር በኋላ አስጠርተን የመጀመሪያውን መልሳችንን አነሣን። «አይከልክሉት፤ ይልቁንስ ሁለት ነገር ይጠይቁት» አልናቸው። በዚህ ዓመት ስንት ጊዜ ተራራው ላይ ደርሶ፣ ነፋሱን አይቶ፣ ሳይበር በእግሩ ወረደ? ሚስቱስ የሁለት ዓመት ልጃቸውን ታቅፋ ይህን ሁሉ አውቃ ተስማምታለችን?

ለመጀመሪያው የሰጠው መልስ «አራት ጊዜ» የሚል ነበር፤ እናትዮዋ ደስ ብሏቸው ነገሩን። ለሁለተኛው በስልኩ ውስጥ ዝም አለ። ከዚያም «እማዬ፣ እርሷን ጠይቄያት አላውቅም» አላቸው። በዚያ ሳምንት አልበረረም። በሚቀጥለው ምን እንደ ወሰኑ እናትዮዋ አልነገሩንም፤ ጉዳዩ የባልና የሚስት ነውና እኛም አልጠየቅንም።