«ወላጅ አምጣ»፦ የትምህርት ቤት ደንብና የልጅ ኅሊና



በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ጎዳናዎች ላይ አዲስ ደብተር የያዙ ልጆች በማለዳ ሲጎርፉ እናያለን። ከዚያ ቀደም ብሎ ወላጆቻቸው በምዝገባ ጠረጴዛ ፊት ተሰልፈው አንድ ወረቀት ፈርመዋል። ወረቀቱ የትምህርት ቤቱ የሥነ ሥርዓት ደንብ ነው። በሰዓቱ መድረስ፣ የደንብ ልብስ መልበስ፣ ፀጉርን ማሳጠር፣ ስልክ ይዞ አለመምጣት፣ አለመደባደብ፣ አለመኮረጅ የሚሉ ትእዛዛት ተዘርዝረውበታል። በመጨረሻውም፣ ደንቡን የተላለፈ ተማሪ ወላጁን ይዞ እስካልመጣ ድረስ ክፍል እንደማይገባ ይገልጻል። አብዛኞቻችን ወረቀቱን ሳናነበው እንፈርማለን፤ ልጁም አያነበውም። ደንቡን የሚያውቀው በተቀጣ ዕለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የፈለግነው ጥያቄ ቀላል መስሎ ከባድ ነው። ደንብ ልጅን መልካም ሰው ያደርገዋልን? ወይስ እንዳይያዝ የሚጠነቀቅ ሰው ብቻ ያደርገዋል?

ይህን ስንጠይቅ በተለይ የምናስበው የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ነው። እነዚህ ሁለት ክፍሎች በቀድሞው ዘመን ለብቻቸው መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ይባሉ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአንደኛ ደረጃ ጋር ቀላቀላቸው፤ በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ ደግሞ መካከለኛ ደረጃ ብሎ እንደገና ለያቸው። መለየታቸው ተገቢ ነው እንላለን። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እንደ ሕፃን «እሺ» ብሎ ብቻ አያልፍም፤ እንደ ጎልማሳም ራሱን ፈጽሞ አይገዛም። በዚህ ዕድሜ «ለምን?» ማለት ይጀምራል። ይህ ቃል ብዙ ጊዜ እንደ ድፍረት ይቆጠራል፤ ነገር ግን ኅሊና የሚነቃው በዚሁ ቃል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሦስቱ ከተሞች በአንዱ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እናውቅ ነበር። ስሙንም ትምህርት ቤቱንም አንጠቅስም። ነገሩን ያጫወተን በኑዛዜ ሳይሆን ከእሑድ ትምህርት በኋላ በጨዋታ መካከል ነው፤ እንድንጽፈውም በኋላ ፈቅዶልናል። እናቱ በፋብሪካ የሌሊት ተረኛ ነበሩ። እርሳቸው እስኪመለሱ ድረስ ታናናሾቹን ቀስቅሶ፣ አብልቶ፣ ትንሿን ለጎረቤት አስረክቦ የሚወጣው እርሱ ነው። በዚህ ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ አረፈደ፤ በሦስተኛው ቀን «ወላጅ አምጣ» ተባለ።

እናቱን ለመጥራት አልደፈረም። ሌሊቱን ሠርተው የሚመጡ ሴት ቀን ትምህርት ቤት ደጅ ሲጠኑ ቢውሉ፣ ማታ በሥራ ገበታቸው ላይ መቆም እንደማይችሉና የቀሩበት ዕለት ደመወዝ እንደሚቆረጥባቸው ያውቃል። ስለዚህ ከምሳው ያጠራቀመውን 50 ብር ይዞ ታክሲ ተራ ሄደና ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አንድ ሰው አጎቱ እንዲሆንለት ተዋዋለ። ሰውየውም ድርሻውን አሳምሮ ተወጣ። በርእሰ መምህሩ ፊት ልጁን ገሠጸው፣ ትከሻውንም መታ መታ አደረገው፣ «ከእንግዲህ ካጠፋ በእኔ ይሁንብኝ» ብሎ ፈረመ። ልጁም ወደ ክፍሉ ገባ።

ይህን ሲነግረን ጓደኞቹ ሳቁ፤ እኛም ሳቅን። ማታ ግን ነገሩን ስናሰላስል ሳቁ ጠፋ። በደንቡ መሠረት የጎደለ ነገር አልነበረም፤ አርፋጁ ተከለከለ፣ «ወላጅ» መጣ፣ ፊርማው በመዝገብ ሰፈረ። ልጁ የተማረው ግን ምንድን ነው? እውነት የእናቱን የአንድ ቀን ደመወዝ፣ ሐሰት ግን 50 ብር ብቻ እንደሚያስወጣ ተማረ።

ልጁን ነጻ ልናወጣው አይደለም። የዋሸ ዋሽቷል፤ ድህነትም ሐሰትን እውነት አያደርገውም። ወላጅን መጥራቱም በራሱ ስሕተት አይደለም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ ወላጆች የልጆቻቸው የመጀመሪያና ዋነኛ አስተማሪዎች መሆናቸውን አስተምሯል። መምህርና ወላጅ ሊገናኙ ይገባል። ችግሩ፣ ለመገናኛ የታሰበው መንገድ መቀጮ ሆኖ መገኘቱ ነው። ወላጅ ልጁ ሲከሰስ ብቻ የሚጠራበት ግቢ፣ ለወላጅ ፍርድ ቤት እንጂ ትምህርት ቤት አይመስለውም።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ በ13ኛው ምዕት ዓመት ስለ ሕግ ሲያስተምር፣ አንድ ትእዛዝ በእውነት ሕግ ይባል ዘንድ አራት ነገር ማሟላት እንዳለበት አስረድቷል። ሕጉ ምክንያት ያለው ይሁን፤ ለጋራ ጥቅም የቆመ ይሁን፤ ማኅበሩን የመጠበቅ አደራ ካለበት ሰው ይውጣ፤ ለሚጠብቁትም ሰዎች በግልጽ ይነገር። ይህ ትምህርት ለነገሥታትና ለመንግሥታት ብቻ የሚሆን አይምሰለን። በትምህርት ቤት በር ላይ ለተለጠፈች ወረቀትም ያገለግላል።

ስለ ምክንያት እንናገር። «በሰዓቱ ድረስ» የሚለው ትእዛዝ ጥሩ ምክንያት አለው፤ አርፍዶ የሚገባ ተማሪ የሌሎችን ትምህርት ያቋርጣል። ይህ ለልጅ ቢነገረው ይገባዋል። በእንቅልፍ ያረፈደውንና ታናሽ እኅቱን ሲያለብስ ያረፈደውን ሳይጠይቅ እኩል የሚቀጣ ግን ደንቡን ጠበቀ እንጂ የደንቡን ምክንያት አልጠበቀም። ስለ መንገርም እንዲሁ ነው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ የሚገኙ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ከተሞች ናቸው። የቀድሞ ነዋሪ፣ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የከበደው ተከራይ፣ ፋብሪካ ፍለጋ ከገጠር የመጣ ወጣት በአንድ ግቢ ይኖራሉ፤ አንዱ አፋን ኦሮሞ፣ አንዱ አማርኛ፣ ሌላው ሌላ ቋንቋ ይናገራል። አንዲት እናት በማታነበው ቋንቋ በተጻፈ ወረቀት ላይ ስለ ፈረመች ብቻ ደንቡ ተነግሯታል ማለት ያስቸግራል።

በእርግጥ የመምህራኑንም ሸክም መዘንጋት ግፍ ነው። ጎረቤት ሁሉ የጎረቤቱን ልጅ ያውቅና ይገሥጽ በነበረበት ዘመን፣ ትምህርት ቤት ብቻውን አልነበረም። ዛሬ በአዳዲሶቹ ሰፈሮች ጎረቤት ጎረቤቱን በስም አያውቅም። ልጆች ተጠጋግተው በተቀመጡበት ክፍል ፊት የቆመ መምህር፣ ለእያንዳንዱ «ለምን አረፈድህ?» ብሎ ይጠይቅ ዘንድ ጊዜ ከየት ያመጣል? ከዚህም የተነሣ «ያለ ዱላ ልጅ አይቀናም» የሚሉ ጥቂቶች አይደሉም። ወላጆችም ልጃቸውን ለመምህር ሲሰጡ «ዓይኑን ብቻ አደራ» ይሉ እንደነበር ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። መጽሐፈ ምሳሌም ስለ በትር ይናገራል ብለው የሚከራከሩን አሉ።

ለእነዚህ ወገኖች አክብሮት አለን፤ ሐሳባቸውን ግን አንቀበልም። የአገራችን ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳለው ደንግጓል። ደንብ አክብር የሚል መምህር በአለንጋ ሲገርፍ፣ ራሱ ከፍ ያለውን ሕግ እየተላለፈ መሆኑን ልጁ ያያል። በትርን በተመለከተም በሱሉልታ ሜዳ ከብት የሚጠብቀውን እረኛ እንመልከት። ዱላው ዘወትር በእጁ ነው፤ ይሁን እንጂ መንገድ ያሳይበታል፣ ገደል ይከለክልበታል፣ ጅብ ያባርርበታል። ከብቶቹን ሲደበድብ የሚውል እረኛ ማታ የሚያስገባው መንጋ አይኖረውም።

ቅዱስ አውጎስጢኖስ በኑዛዜው መጽሐፍ የልጅነት ትምህርት ቤቱን ያስታውሳል። በትምህርት ቤት እንዳይገረፍ ወደ እግዚአብሔር ይጸልይ እንደነበር፣ ታላላቆቹም በግርፋቱ ይስቁበት እንደነበር ይነግረናል። የሚገረፈው ስለ ተጫወተ ነበር፤ የሚገርፉት ሰዎችም የራሳቸው ጨዋታ ነበራቸው፤ የእነርሱ ግን ሥራ ይባል ነበር። በ4ኛው ምዕት ዓመት የሰሜን አፍሪካ ልጅ ያየው ይህ ነገር ዛሬም ከልጆች ዓይን አልተሰወረም። አርፍዶ የሚገባ መምህር አርፋጅን ሲቀጣ፣ ስልኩን እያየ የሚያስተምር ስልክ ሲቀማ፣ ተማሪው ደንብ ማለት የደካማ ሸክም ነው ብሎ ይደመድማል።

እኛም ከዚህ ነቀፌታ ነጻ አይደለንም። የዘርዐ ክህነት ተማሪ ሳለን የእሑድ ትምህርት ክፍል ተሰጥቶን ነበር። ጸሎት በቃል ያላጠኑትን ልጆች በጠጠር ላይ እናንበረክክ ነበር። ልጆቹ ጸሎቱን አጠኑት። ከዓመታት በኋላ ከእነርሱ አንዱ ጎልማሳ ሆኖ ሲያገኘን፣ ያንን ጸሎት በጀመረ ቁጥር ጉልበቱን እንደሚያመው በትሕትና ነገረን። ይቅርታ ጠየቅነው። ጸሎትን ያህል ነገር ቅጣት አድርገን ማስተማራችንን ግን እስከ ዛሬ አልረሳንም።

ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ በጣሊያን በቶሪኖ ከተማ የድሆችን ልጆች ሲያስተምር ልጅን የማሳደጊያ ሁለት መንገዶች እንዳሉ አይቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1877ም ስለዚህ በአጭሩ ጽፏል። አንደኛው መንገድ ደንቡን ይናገርና ጥፋተኛውን አድብቶ ይይዛል። ሁለተኛው ከልጆቹ መካከል ይኖራል፤ ይጫወታል፣ ይመክራል፣ ጥፋቱ ሳይደርስ ይደርሳል። እርሱ የመረጠው ሁለተኛውን ሲሆን፣ መሠረቱንም በአእምሮ፣ በሃይማኖትና በፍቅር ላይ አኖረ። ይህ መንገድ ልል አይደለም፤ ከመምህሩ የበለጠ ድካም ይጠይቃል።

ፍርሃት ብቻ ያሳደገው ታዛዥነት ፈሪው ዞር ሲል ይፈርሳል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ጥበቃ ሲሰጥ፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት የመጻሕፍትና የመምህራን እጥረትን የመሰለ ብዙ ምክንያት አለው፤ ሁሉንም በተማሪው ላይ መጫን ትክክል አይሆንም። ሆኖም ፈተናው ወደዚያ የተወሰደበት ዋነኛ ምክንያት ኩረጃና የፈተና ስርቆት ነበር። ይህም አንድ ነገር ይጠይቀናል፤ ልጆቻችን በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል «አትኮርጅ» የሚለውን የሰሙት እንደ እውነት ነውን፣ ወይስ እንደ ዘበኛ ድምፅ?

አባቶቻችን ለዚህ የሚሆን ታላቅ ቃል ነበራቸው። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ያየ ማንም መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ሲል ጠበኞቹ ይቆሙ ነበር። ተናጋሪው መሣሪያ አልያዘም፤ ሹመትም አልነበረውም። ያቆማቸው፣ ሕግ ከእነርሱም ከተናጋሪውም በላይ እንደሆነና ባለቤቱ እግዚአብሔር እንደሆነ ማመናቸው ነው። የትምህርት ቤት ደንብም ግቡ ይህ ይመስለናል፦ ዘበኛ በሌለበት በራሱ ልብ «በሕግ አምላክ» የሚል ልጅ ማሳደግ።

የዚያ ልጅ ነገር ወዴት ደረሰ? ለመምህሩ እውነቱን እንዲናገር ስንመክረው፣ «አባ፣ ብናገር ያባርሩኝ ይሆን?» ሲል ጠየቀን። አያባርሩህም ብለን ቃል ልንሰጠው አልቻልንም። አብረን እንሄዳለን ብቻ አልነው። እናቱም ከሌሊት ሥራ ሲወጡ፣ የጠዋቱ ደወል ሳይደወል በር ላይ ተገናኘን። የክፍሉ ኃላፊ መምህርት ታሪኩን ሰሙ፤ ለጥቂት ጊዜም ዝም አሉ። ከዚያም ስለ ማርፈዱ ምሕረት፣ ስለ ሐሰቱ ግን ቅጣት ሰጡት። ለሁለት ሳምንት ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱን አጸዳ። ጎረቤቲቱም ትንሿን ልጅ ቀደም ብላ ለመቀበል ተስማማች። ከሁሉ ይልቅ ልጁን ያስደነቀው ቅጣቱ አልነበረም፤ መምህርቱ እናቱን «እንዲህ ደክመው ስለ መጡ አመሰግናለሁ» ማለታቸው ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ደንቡን ከልጃችሁ ጋር አንብቡ፤ ማንበብ ባትችሉ ልጁ ያንብብላችሁ፣ የእያንዳንዱንም ምክንያት ጠይቁት። መምህራን ሆይ፣ ወላጅን ለምስጋናም አንድ ቀን ጥሩ፤ ሥራ በማያስፈታውም ሰዓት ይሁን። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ልጆችን ከመቅጣታችሁ በፊት «ለምን?» በሉ፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ስሙ። ያጠፋ ልጅም እውነቱን ይዞ የሚመለስበት በር አይዘጋበት። ያ በር ከተዘጋ፣ ልጁ ወደ ታክሲ ተራ ሄዶ አጎት መግዛቱ አይቀርም።