የዝንቧ አቀበት

የበሰለ ሙዝ ላይ የምታንዣብበውን ትንሽ ዝንብ በእጃችን እሽ ብለን እናባርራታለን። ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን በዓይን ትጠበቃለች። ያለችበትን ብልቃጥ ጠረጴዛ ላይ መታ ሲያደርጉት ከታች ትወድቅና ወዲያው ግድግዳውን ይዛ ሽቅብ ትወጣለች። ይህ ጤነኛዋ ናት። የታመመችው ታች ትቀራለች፤ አለዚያም መንገድ ላይ ይደክማታል። እንቅስቃሴን የሚያውከው የፓርኪንሰን በሽታ ተመራማሪዎች ለዓመታት ይህችን አቀበት ሲመለከቱ ኖረዋል።

ከዝንቧ ጋር ያለን ዝምድና የታወቀበት መንገድ ይገርመኛል። የእሷ ክሮሞዞም አራት ጥንድ ነው፣ የእኛ 23። ሆኖም የሰውን በሽታ ከሚያስከትሉት ጂኖች ሦስት አራተኛ ያህሉ እሷም ዘንድ አቻ አላቸው። የሥጋ ዘመድ መሆናችን ጎልቶ የወጣው አንድ ጂን ሲበላሽብን ነው።

ፓርኪን የተባለው ጂን በ1998 እ.ኤ.አ. ከጃፓን ቤተሰቦች፣ ፒንክ1 ደግሞ በ2004 ከጣሊያንና ከስፔን ቤተሰቦች ተገኘ። አንዱም ሆነ ሌላው ሲበላሽ ፓርኪንሰን ከተለመደው ዕድሜ ቀድሞ ይመጣል። ሁለቱ ጂኖች ግን ይተዋወቃሉ? ይህ ከታማሚ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። በ2006 በካሊፎርኒያና በደቡብ ኮሪያ ያሉ ተመራማሪዎች ዝንቧን ጠየቁ። ፒንክ1 ሲያጠፉባት ለሕዋስ ኃይል የሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያዎች ተበላሹ፣ የክንፍ ጡንቻዋ መነመነ። ፓርኪን ሲጨምሩላት ጡንቻዋ አገገመ። ፓርኪን ለጠፋባት ፒንክ1 ቢጨምሩላት ግን ለውጥ የለም። ፒንክ1 አዛዥ፣ ፓርኪን ታዛዥ መሆኑ በዚህ ተለየ። ተራ የሚመስል ሙከራ ነው፤ ለእኔ ግን ከብዙ ውድ መሣሪያ ይበልጥብኛል።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። የዝንቧ በሽታ የራሷ አይደለም፣ እኛ ያዋስናት ነው። ስሙንም ያወጣንላት እኛው ነን። ያው ጂን ሲበላሽ እሷን በዋናነት የክንፍ ጡንቻዋ ላይ ሲመታት፣ ሰውን የሚመታው አንጎሉ ላይ ነው። አቻ ማለት አንድ ዓይነት ማለት እንዳልሆነ ተመራማሪዎቹም አይስቱትም።

ደግሞም ዝንቧ የዳነችው ተጨማሪው ጂን ከመፈልፈሏ በፊት ጀምሮ በውስጧ ስለነበረ ነው። ሰው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው። ያኔ እንቅስቃሴን ከሚያቃኑት፣ ዶፓሚን ከሚያመነጩት የአንጎል ሕዋሶቹ ብዙዎቹ ሞተዋል።